የአባባ እጅ

«ማታ እንግዳው ከመድረሱ በፊት አባባን ክፍላቸው ውስጥ ቀድሜ አበላቸዋለሁ» አለች የነጥቤ ወንድም ሚስት ከወጥ ቤት። ስለ ጠረጴዛ ልብስ በምታወራበት ድምፅ ነው ያለችው፤ ክፋት የለበትም። ወንድሟ መስታወት ፊት ቆሞ ከረባቱን እያሰረ «እሱም እዚያው ይመቸዋል» አለ፤ ከረባቱ ስላጠረበት ፈታውና እንደገና ማሰር ጀመረ። ነጥቤ ኮሪደሩ ላይ የአባቷን ሸሚዝ ስትተኩስ ሁሉንም ሰማች። ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ወንበር አለ። እንግዳ ሲመጣ አንዱ ከጠረጴዛው ይነሳና መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፣ የአበባ ማስቀመጫም ይጫንበታል። ይህ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው፤ የአባቷ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ሾርባው ከማንኪያው አምልጦ የአንዲት እንግዳ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ሴትየዋ «ኧረ ምንም አይደል» ብላ ሳቀች፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ ሽማግሌውን የተናገረው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ግብዣ ግን ሰሃኑ ወደ ክፍሉ ሄደ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፤ ማንም ሳይደነግገው የቤቱ ሕግ ሆኖ ቀረ። የዛሬው እንግዳ ደግሞ የወንድሟ አለቃ ነው፣ በቀልድ የሚታለፍ እንግዳ አይደለም።

ነጥቤ የቤት ስሟ ነው። አባቷ በደህናው ዘመን ታፔላ ጻፊ ነበር፤ የመጨረሻ ልጁ ስትወለድ «እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ» ብሎ አራት ነጥብ አላት፤ ስሙ እያደር ሲያጥር ነጥቤ ሆነ። ሸሚዙን ማንጠልጠያ ላይ እየሰቀለች ሳለ የወንድሟ ሚስት ስልኳን ይዛ ወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ነጥቤ፣ ይቺን ስሚልኝ እስቲ፣ ጠዋት ጠዋት አስለቀሰችኝ» ብላ ማንበብ ጀመረች። «ልብስ ሰፊው ሽማግሌ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰሃኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል። ግድግዳው ስስ ነውና ጨዋታቸው ይሰማዋል። ሰዎቹ ሲስቁ እሱም እዚያው ብቻውን ይስቃል።» አንገቷን ነቀነቀች። «ምን ዓይነት አረመኔ ምራት ናት በፈጣሪ! ሰው የባሏን አባት እንዲህ ያደርጋል?»

 ጽሑፉ የራሷ የነጥቤ ነው። «የጓዳ ወሬ» የሚባለውን ብሎግ የምትጽፈው እሷ መሆኗን የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት የለም። ታፔላ ጻፊውን ልብስ ሰፊ አድርጋዋለች፣ ቤቱን ፎቅ ላይ አውጥታዋለች፣ ልጁን ነጋዴ ብላዋለች። ግን እንዲያ ባታደርግም ኖሮ የሚታወቅባት አይመስልም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የወንድሟ ሚስት አሁን ቆማ ለልብስ ሰፊው ታለቅሳለች፣ ማታ ደግሞ የአባባን ሰሃን ለብቻ ታቀርባለች፣ ሁለቱም ከልቧ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ። ክፉ ሴት ናት እንዳይባል የሽማግሌውን መድኃኒት ሰዓት ጠብቃ የምትሰጠው እሷ ናት፣ ጥፍሩን ሳይቀር የምትቆርጥለት እሷ ናት። ነጥቤ ይህንንም አውቃ ነው የጻፈችው፤ አውቃ መጻፏ ደግሞ የባሰ ያስፈራታል።

«ፊደሉስ ቢሆን!» አለች የወንድሟ ሚስት። «ድሮ ሱቅ በር ላይ የምናየውን አይመስልም? በቀደም እንዲህ አልነበረም፣ ዛሬ ነው የቀየሩት። እስቲ እየው» ብላ ስልኩን ወደ ባሏ ዘረጋች።  ወንድሟ ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ነበር። ስልኩን እንኳ ዞር ብሎ አላየውም። «ላኪልኝ፣ ምሳ ላይ አነበዋለሁ» ብሎ ወጣ፣ በሩም ተዘጋ።

ፊደሉ የአባባ ነበር። አልጋው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ለታፔላ ሥራ ከካርቶን እየቆረጠ ያዘጋጃቸው ፊደላት ሁሉ፣ ጠርዛቸው በቀለም ደንድኖ፣ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ነጥቤ አንድ በአንድ በስልኳ አነሳቻቸው፤ በምሳ ሰዓቷ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ዙሪያቸውን ተከትላ ሳለቻቸው፣ እያንዳንዱንም ቦታ ቦታውን አስያዘችው፣ ፎንት ሆኑ። ወራት ፈጀባት። ታፔላ ላይ ወጥተው የማያውቁ ፊደላት ነበሩ፤ የነሱን ከአንዱ እግር ከሌላው ራስ ተውሳ ሠራችላቸው። የአባባ ፊደል ከሌላው የሚለየው አንድ እግሩ ትንሽ ረዘም ማለቱ ነው። «ሰው ሲቆም አንድ እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ፊደልም ቢደክመው ምን ይደረግ» ይል ነበር። እሱ ዙሪያውን ሲነድፍ መሰላሉን የሚይዘውና ውስጡን ቀለም የሚሞላው ወንድሟ ነበር፣ ገና ልጅ ሳለ፤ ያንን እግር ዓይኑን ቢጨፍንም ያውቀዋል። ነጥቤ ትናንት ከሥራ ተመልሳ በስልኳ እየታገለች ፎንቱን ብሎጉ ላይ ስትጭን ይህ ፈጽሞ አልታሰባትም። የታሰባት ያ እጅ ዳግመኛ ሲጽፍ ማየት ብቻ ነበር። ገጹ በአባቷ ፊደል ተሞልቶ ሲከፈት ሮጣ ልታሳየው ተነሳች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ጽሑፉን ሳያነብ ፊደሉን ብቻ እንዴት አድርጎ ያያል ብላ ተመለሰች። ለሱ ይህን ያህል አስባ ለወንድሟ አለማሰቧ አሁን ያንገበግባታል። ስሙን የደበቀ ሰው የቤተሰቡን እጅ በአደባባይ አሰጣው ማለት ነው።

ወደ ሥራ በሚወስዳት አውቶቡስ ውስጥ ቆማ በስልኳ ፊደሉን ልትቀይረው ሞከረች። የብሎጉ ቅንብር ለኮምፒውተር እንጂ ለስልክ የተሠራ አይደለም፤ ቁልፎቹ የጉንዳን ዓይን አክለዋል። አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ ጣቷ ስቶ የጽሑፉን መጠን ነካች፣ የልብስ ሰፊው ታሪክ በአንድ ጊዜ የማስታወቂያ ሰሌዳ አክሎ ወጣ። አጠገቧ የቆመው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ሲያነብ ደንግጣ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። መጠኑን እንደ ምንም መልሳ ሌላውን ለመንካት ፈራች፤ ሳስተካክል ጭራሽ አበላሸዋለሁ አለች። በመስኮቱ የሰዓት ጠጋኙ ቤት አለፈ። የአባባ ታፔላ ከበሩ በላይ አሁንም አለ፣ ቀለሙ ግማሹ ረግፎ፣ አንድ እግሩ ላይ እንዳረፈ። በግራም በቀኝም ያሉት ሱቆች መብራት ያለው ፕላስቲክ ሰቅለዋል። ስንት ሰው በዚህ መንገድ ያልፋል፣ ስንቱስ ያንን እጅ ያውቀዋል ብላ አሰበች። ከወንድሟ ቤት ብትወጣ መግቢያ የላትም። የአንድ ክፍል ኪራይ ደሞዟን እንዳለ ይውጠዋል፤ እሷ እንደ ምንም ብትሆን አባቷ ያንን መድኃኒት፣ ያንን ሙቅ ክፍል የት ያገኛል? ወንድሟ ቂመኛ አይደለም፣ ግን የቤቱ ገመና የወጣበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል።

ማተሚያ ቤቱ ስትደርስ ባለቤቱ ወንበሯ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ነጥቤ እዚያ ገጽ አቀናባሪ ናት፤ የሠርግ ካርድ፣ የመድኃኒት መለያ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ሽፋን ታሰናዳለች። የሳል ሽሮፕ መለያ ባስቸኳይ ተፈልጓል። ባለቤቱ ትከሻዋ ላይ እየተነፈሰ «ይሄን የማስጠንቀቂያውን ፊደል አሳንሺው፣ ቦታ በላ» አላት። «ከዚህ ካነሰ አይነበብም» አለችው። «የሚያስለው ሰው ምን ያነባል፣ ይጠጣ እንጂ!» አለና በራሱ ቀልድ ስቆ ተቀመጠ፤ ጭራሽ ወንበር ስቦ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሁለቴ ነዘረ፣ ልታየው አልቻለችም። ሰውዬው የሽሮፑን ማንኪያ ሥዕል ወደ ግራ አስኬደ፣ ወደ ቀኝ አስመለሰ፣ መጨረሻ ላይ «ቅድም በነበረበት ይሻላል» ብሎ ተነሳ።

ወዲያው ብሎጉን ከፈተች። መቀየሪያው እዚያው ፊቷ ነው፣ አንድ ንካ ብቻ ይበቃዋል። ግን ከጽሑፉ ሥር አስተያየቱ ጎርፏል። እንዲህ ተጽፎላት አያውቅም። አንዱ ፎንቱ የት ይገኛል ይላል፣ ሌላው ዓይኔን አሳረፈው ይላል። አንዱ ደግሞ እንዲህ ብሏል፦ «ይህን እጅ አውቀዋለሁ። የአባቴ ሱቅ በር ላይ ነበር። አባቴም ሱቁም የሉም። ዛሬ ጠዋት አገኘኋቸው፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም እግዜር ይስጥህ።» ነጥቤ ይህንን ደግማ ደጋግማ አነበበችው። አባቷ ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው በር ስም ሲጽፍ አንድ ቀን እንዲህ ያለው ሰው ነበር? ይኸው አሁን አለው፣ እሷ ግን ልታጠፋው ነው።  ምሳ ሰዓት ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ አለች ለራሷ። ልቧ ግን አላርፍ ሲላት ስልኳን አወጣች። የወንድሟ ሚስት ጽሑፉን ለባሏ ብቻ መላክ አንሷት ለቤተሰቡ ግሩፕ በሙሉ ልካዋለች፤ «ሁላችሁም አንብቡት፣ እንዳታልፉት!» ብላ ሦስት የሚያለቅስ ፊት አስከትላለች። የላከችው ነጥቤ ከሳል ሽሮፑ ጋር ስትታገል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ነጥቤ መቀየሪያውን ነካችው።

የአባባ እጅ ጠፋ። ገጹ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ቀጭን ፊደል ተመልሶ ተሞላ፣ ዩኒፎርም እንደለበሰ ተማሪ ተሰልፎ ቆመ። እፎይ ልትል ስትል ግሩፑ ላይ መልእክቱን ያዩትን ሰዎች ስም ከፈተች። የአክስቷ ልጅ አይታለች። ወንድሟም አይቶታል። መቼ? ከመንካቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስልኩ ይህን አይናገርም። ወንድሟ ለማንኛውም ነገር አውራ ጣት መላክ የማይታክተው ሰው ነው፣ ለልደትም አውራ ጣት፣ ለለቅሶም አውራ ጣት። ዛሬ ግን ምንም አላለም። ምሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከሰዓት በኋላ የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራውን ስም ሁለቴ ጽፋ ሙሽራዋን ረሳቻት፤ ባለቤቱ አይቶ «ምነው፣ ራሱን ሊያገባ ነው?» ሲላት መሳቅ አቃታት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ጭንቅላቷ ውስጥ ይመላለሳል። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ስልኳ ጠራ፣ ወንድሟ ነው።

«ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው… ምነው ጋሼ፣ አባባ ደህና አይደለም?»

 ሲተነፍስ ይሰማታል፣ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል። «ቶሎ ነይ» አለና ዘጋው።

ቤት ስትደርስ ገና አልጨለመም። የወንድሟ ሚስት ጠረጴዛውን አሰናድታ ግራ ተጋብታ ቆማለች። «ወንድምሽን ምን እንደነካው እንጃ» አለች በሹክሹክታ። «ከሥራ ደውሎ ስድስተኛውን ወንበር መልሺው፣ አባባ ከእኛ ጋር ነው የሚበሉት አለኝ። በአለቃው ፊት! ሾርባውን ልተወው መሰለኝ፣ ሌላ ነገር በማንኪያ የማይበላ ምን አለ?» ወንበሩ ከመስኮቱ ሥር ተነስቷል፣ የአበባ ማስቀመጫውም መሬት ላይ ወርዷል። ነጥቤ ገርበብ ባለው በር የአባቷን ክፍል አየች። ወንድሟ ከረባቱን ፈትቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጠዋት እሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለአባቱ ይቆልፍለታል። ሽማግሌው «ኧረ ተወኝ፣ ምን ተገኘ ዛሬ?» ይላል። ወንድሟ አይመልስም፤ አንዱን ቁልፍ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። እንዲህ ሲያደርግ አይታው አታውቅም። አየው ማለት ነው፣ ቅድም ፊደሉን አይቶታል! 

ወንድሟ ወጥቶ በሩን ከኋላው ቀስ ብሎ ገጠመው። ዓይኑ ቀልቷል። «የላክሽውን አነበብኩት» አለ ለሚስቱ። «ልብስ ሰፊ የሚባል ሰው የለም። ሽማግሌው አባባ ነው፣ ልጅየው እኔ ነኝ። በገዛ እጁ ነው የጻፈው። እኔ ውስጡን ቀለም እየሞላሁ ያደግኩበትን ፊደል አላውቀውም? በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ እንዴት አድርጎ፣ ማን አግዞት እንደጻፈው እንጃ… መንገድ ዳር መኪናዬን አቁሜ ነው ያነበብኩት።» 

«እኔ?» አለች ሚስቱ። ፊቷ አመድ መሰለ። «ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?» ስልኳን ከጠረጴዛው አንስታ ከፈተች፣ ቆየች፣ ከዚያ ግንባሯ ቀስ በቀስ ተፈታ። «የታል የአባባ እጅ? ይኸው፣ እየው እንጂ!» ወንድሟ ስልኩን ተቀብሎ አየ። ዘግቶ ከፈተው። የራሱንም አወጣ፣ እሱም ላይ ያው ቀጭን ፊደል ነው። ጠዋት ፊደሉን ያደነቀችው ራሷ ሚስቱ ነበረች፤ አሁን ግን ያንን ለማስታወስ የፈለገ ሰው አልነበረም። ወንድሟ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሲያሽ ቆይቶ ሳቀ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። «ድካም ነው። ሰሞኑን እንቅልፍም የለኝ» አለ። «እኔንማ ልታሳብደኝ ነበር!» አለች እሷም እየሳቀች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

አባባ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ መነጽሩን ሰክቶ ወጣ። በሳቃቸው እሱም ፈገግ አለ፤ ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቀም። ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ስድስተኛው ወንበር አጠገብ ቆመ። የወንድሟ ሚስት ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ባሏን። ባሏ ጠረጴዛውን አየ።  «አባባ…» አለች በመጨረሻ፣ በለስላሳው ድምጿ፣ «እንግዳው ብዙ ያወራል፣ እንዳይደክምዎት ብዬ ነው እንጂ…» ሽማግሌው ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረሳትም። «ኧረ እኔ እዚያው ይመቸኛል የኔ ልጅ፣ ከጥንትም» አለና ዞረ። ወንድሟ ቅድም በእጁ የቆለፈው ሸሚዝ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ክፍሉ ሲመለስ እያየ፣ ከረባቱን ከኪሱ አውጥቶ ማሰር ጀመረ።

ነጥቤ ያኔ ነው የገባት። አንድ ነገር ወንድሟ ዘንድ ደርሶ ነበር፣ መኪናውን አስቁሞት ነበር፣ እሱን ደግሞ ራሷ በጣቷ አጥፍታዋለች። አሁን ደህና ናት። ማንም አይጠረጥራትም፣ ክፍሏም አለ፣ የአባቷም መድኃኒት አለ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንደዚሁ ይቀጥላል። ስልኳን አወጣች። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ያስቸገራት ትንሽ ቁልፍ አሁንም የጉንዳን ዓይን አክሏል፤ አንዴ ሳተችው፣ በሁለተኛው አገኘችው።

«ጋሼ» አለች።  «እስቲ እንደገና ክፈተው።»

«ምኑን?»

«ጽሑፉን። ፊደሉ የአባባ ነው፣ አልተሳሳትክም። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። እሱ ምንም አያውቅም።»

ወንድሟ ከፈተው። ነጥቤ ፊቱን ስታይ ፊደሉ መመለሱን አወቀች። ሚስቱ በትከሻው ላይ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽማግሌው ስሙ ሲነሳ ሰምቶ ከክፍሉ በር ተመልሶ መጣ። «የምን ፊደል ነው የኔ?» አለና ስልኩን ከልጁ እጅ ወሰደው። በሁለት እጁ ይዞት እንኳ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ነበር የሚያየው፣ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። «ይሄማ የኔ ነው! እግሩን እዩት!» አለ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ታፔላ ጨርሶ ከመሰላል ሲወርድ እንደሚያደርገው፣ ስህተት እንዳይኖር ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ልብስ ሰፊው ሽማግሌ… እንግዳ በመጣ ቁጥር… ሰሃኑን ይዞ…» ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «ሰዎቹ ሲስቁ… እሱም እዚያው… ብቻውን…» ቆመ። ስልኩን ዝቅ አድርጎ በመነጽሩ በላይ አያቸው፣ አንድ በአንድ፣ ነጥቤ ላይ ሲደርስ ቆየ።

«ስስቅ ይሰማችሁ ነበር እንዴ?» አለ።

 የወንድሟ ሚስት መሬት መሬቱን ታያለች። በሩ ተንኳኳ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተንኳኳ፣ በትህትና፣ አለቃ እንደሚያንኳኳው። ነጥቤ ልትከፍት እግሯን ስታነሳ ወንድሟ በእጁ አቆማት። ቀና ብሎ አላያትም፣ ነገ ምን እንደሚላትም አታውቅም። ከረባቱ አንገቱ ላይ ሳይታሰር ተንጠልጥሏል። ስድስተኛውን ወንበር ለአባቱ ሳበ።

«ይጠብቅ» አለ።